ለአሸዋው ወንዝ የመረጥኩት ማስተንፈሻ

ሾፌር ሆኖ ሰው የሚያምን ካለ ወይ ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣ ነው፣ ወይ ገና አልተዘረፈም። እኔ ወልድያ ተወልጄ ወልድያ ያደግሁ ነኝ። መሪ ከጨበጥኩ ጀምሮ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ናፍጣ የሚቀዳልህ እንደሚቀንስብህ፣ ጎማ የሚለጥፍልህ ደህናውን ከመነዳሪ፣ የውስጡን ጎማ፣ በአሮጌ እንደሚለውጥብህ፣ አለቃህ ደግሞ ሌባው አንተ ነህ ብሎ ግምገማ ላይ እንደሚያስነሳህ ነው። በኢህአዴግ ጊዜማ ጥርጣሬ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር፤ አንድ ለአምስት ተደራጅተን እርስ በርስ ስንተያይ እንውል ነበር። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ስንጥሩን ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ።

ያን ጊዜ የምሠራው አንድ አነስተኛ የገጠር ልማት ድርጅት ውስጥ ነበር። ረቡዕ ጠዋት አስተባባሪያችን አስጠራኝ። የዓይን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ወልድያ ሆስፒታል ግቢ ገብተዋል፤ ነገ ሐሙስ የመጨረሻዎቹን በሽተኞች ሠርተው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ከመርሳ በታች፣ ቆላው ውስጥ፣ ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ የተጋረደ አንድ እናት አሉ። ዛሬ ማታ ሆስፒታሉ ካላደሩ ብርሃን የማየት ዕድላቸው አለቀ።

«ሁለት ጊዜ መኪና ልከን ነበር» አለኝ አስተባባሪው፣ ዓይኑን ከዓይኔ እያሸሸ። «ሁለቴም ጎማ ተነፈሰ ተባለ።»

ጎማ ተነፈሰ! ይህችን ነገር እኔ ካላወቅሁ ማን ይወቃት? ቆላ መውረድ ያልፈለገ ሾፌር አሸዋው ወንዝ ዳር ሲደርስ ይወርድና ክብሪት እንጨት ቫልቩ ላይ ይሰካል። ጎማው ፊሽሽ ብሎ ይተኛል። በስኮርቱ፣ በመጠባበቂያው ጎማ፣ ይቀይርና «ሌላ ስኮርት የለኝም፣ ከዚህ በላይ አልሄድም» ብሎ ይመለሳል። የመጀመሪያው ሾፌር ያደረገው ይህንን ነው። ሁለተኛውማ፣ ከወርጌሳ የመጣው፣ ባሰ። እናትየውን ከነልጃቸው አሳፍሮ ሲመለስ ወንዙ ዳር ደረሰና ከነሸክሙ አሸዋ ይውጠኛል ብሎ ፈራ። «ለአሸዋው ነው» ብሎ ጎማውን ጨርሶ አስተነፈሰና «እስክቀይር ውረዱ» አላቸው። ወረዱ። ቀየረ፣ ተነሣ፣ ብቻውን ተሻግሮ እብስ አለ። ልጅየው እናቱን አዝሎ ወደ ቤት መለሳቸው። ይህንን ስሰማ ደሜ ፈላ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው የሁላችንንም ስም ያጠፋው።

የሚገርመው ግን አሸዋ ውስጥ ለመግባት ጎማ ማስተንፈስ የግድ ነው። የተነፋ ጎማ አሸዋን እንደ ቢላዋ ቆርጦ ይገባል፤ ለስለስ ያለ ጎማ ግን እንደ ግመል እግር ተዘርግቶ ከላይ ይሄዳል። ልኩን ማወቁ ላይ ነው ጣጣው። ጥቂት ካስተነፈስክ ትሰምጣለህ፤ ካበዛህ ጎማው ከብረት ቸርኬው ይወልቅብሃል። በክብሪት እንጨት ደግሞ ልክ አይታወቅም። ስለዚህ መኪናዋን አስነሥቼ መጀመሪያ የሄድኩት ደህና ማስተንፈሻ ፍለጋ ነው።

ወልድያ ውስጥ መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ አፈ ቅቤ ባለሱቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ገና ሰላም ሲለኝ ነው የምጠረጥረው። የፈለግሁትን ስነግረው ከመደርደሪያው ሥር ሁለት ዓይነት ዕቃ አወጣ። አንደኛው በትንሽ የቆዳ ቦርሳ የተቀመጡ አራት የነሐስ ቁራጮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አውራ ጣት ቢያህሉ ነው። ሁለተኛው የእጅ ሰዓት የመሰለ መለኪያና አጭር ቱቦ ያለው አንድ ዕቃ ነው።

«እነዚህን ውሰድ» አለኝ ነሐሶቹን መዳፉ ላይ እያንከባለለ። «አራቱን አራቱ ጎማ ላይ ታስራቸውና ቁጭ ብለህ ሻይህን ትጠጣለህ። ንፋሱ ልኩ ላይ ሲደርስ በራሳቸው ይዘጋሉ።»

«በራሳቸው?»

«በራሳቸው።»

«ማን ነግሯቸው?»

ሳቀብኝ። «ውስጣቸው እንደ ጥምዝ ሽቦ ያለ ሞላ አለ። እሱን አጥብቀህ ወይ አላልተህ ልኩን አንድ ጊዜ ከሰጠሃቸው አይረሱም።»

አይረሱም አለኝ! እኔ ነፍስ ያለኝ ሰውዬ የመኪናዬን መስኮት ሳልዘጋ እሄዳለሁ፣ ይሄ ቁራጭ ነሐስ አይረሳም!

«ከየት ነው የመጡት?» አልኩት።

«ከዱባይ።»

«ከሐራ እንዳይሆን ብቻ።»

ሐራ ላይ የባቡር ሐዲዱ ሥራ ከተጀመረ ወዲህ አባቱ ያልታወቀ መፍቻና ክሪክ ገበያውን ሞልቶት ነበር። ባለሱቁ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ኧረ የሰው ስም አታጥፋ! በማርያም ከዱባይ ነው!»

«ማርያምን ተዋት። ይልቅ ውጣና መኪናዬ ላይ አሳየኝ።»

ወጣን። አራቱን አራቱ ጎማ ላይ አሰረ። ፊሽሽታው ሰፈሩን ሞላው፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየን ጀመር። ቆይተው አንዱ ዘጋ፣ ሌላው ዘጋ፣ ሦስተኛውም ዘጋ። አራተኛው ግን ምን ሲደረግ! ጎማዬ ወገቡ እስኪጎብጥ ድረስ ይተነፍሳል። ዘልዬ ነቀልኩት።

«አዲስ ስለሆነ ነው፣ እየቆየ ይለምዳል» አለኝ።

«እሱ እስኪለምድ ጎማዬ ምን ይሁን?»

የዘጉትንም ሦስቱን ጎማዎች ለካሁ፤ ልካቸው የተለያየ ነው። እውነቱን ለመናገር ዕቃው መጥፎ አልነበረም። ጊዜ ያለው ሰው ሞላቸውን አንድ በአንድ እያስተካከለ ቢያስማማቸው፣ አራት ጎማ በአንድ ጊዜ ማስተንፈስ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ግን ያን ቀን ጊዜ አልነበረኝም። ቢኖረኝም ጀርባዬን ሰጥቼው ሻይ የምጠጣበትን ዕቃ አላምንም።

ሁለተኛውን አነሣሁ። ይሄኛውን ቫልቩ ላይ ስታስረው የቫልቩን ልብ ከውስጥ ፈትቶ ይይዛታል፣ ንፋሱም ሰፋ ብሎ ይወጣል። አንገቱ ላይ ያለችውን ቀለበት ስትስባት ይለቃል፤ ስትመልሳት ቀጥ ይላል፤ የቀረውን ሰዓቱ ላይ ታነባለህ። ጎማውን በየተራ ነው የሚያስተነፍሰው፤ በየጎማው ሥር መንበርከክ አለ። ሰው እጁን ካላሳረፈበት ደግሞ አይሠራም። የወደድኩለት እሱን ነው። ሰዓትም ይዋሻልና ጎረቤት ካለው ጎሚስታ መለኪያ ተውሼ ሁለቱን አስተያየኋቸው፤ ተስማሙ። ሌላም መለኪያ አምጥቼ ደግሜ አስተያየሁ። ባለሱቁ «ሚስት ስታገባም እንዲህ ነው ያደረግኸው?» አለኝ። «ቢሆንማ ኖሮ!» አልኩትና ከኪሴ ከፍዬ፣ ጎማዎቼን ጎሚስታው ጋ አስነፍቼ ወጣሁ። ድርጅቱን ማስተንፈሻ ግዛልኝ ብዬ ብጠይቅ «ጎማ ለማስተንፈስ?» ተብዬ ሌላ ግምገማ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ።

መርሳ ስደርስ የእናትየው ልጅ መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ቀጭን፣ ፂሙ የሸበተ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ ገበሬ ነው። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ መኪናዋን ዞሮ አራቱን ጎማ በዱላው መታ መታ አደረጋቸው።

«ደህና ናቸው» አልኩት።

«ያኔም ደህና ነበሩ» አለኝና ገባ።

ከአስፋልቱ ወርደን የማንጎ ተክሉን አልፈን የአሸዋው ወንዝ ዳር ስንደርስ አቆምኩ። በጋ ስለሆነ ውሃ የለበትም፤ ከዳር እስከ ዳር ነጭ አሸዋ ነው። ማስተንፈሻዬን ይዤ የፊተኛው ጎማ ሥር ተንበረከክሁ። ገና ፊሽሽ ከማለቱ ልጅየው ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ጥላውን ሳየው ዱላው ከትከሻው ወርዷል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ለአሸዋው ነው ወንድሜ። ካልለሰለሰ ይሰምጣል።»

«ከወርጌሳ የመጣውም ሾፌር እንደዚሁ ነበር ያለን።»

«እንግዲህ እኔ ከወልድያ ነኝ!» ብዬ ጮህኩበት። መጮሄ አልጠቀመኝም፤ አራቱንም ጎማ እስክጨርስ ድረስ ዱላውን እንደጨበጠ ተከተለኝ። በከባድ ማርሽ ቀስ ብዬ ተሻገርኩ። ማዶ መንገዱ ስለታም ድንጋይ ስለሆነ ለስላሳ ጎማ ይቀደዳል፤ ከባትሪ ጋር በማገጥማት ትንሽ ኮምፕሬሰር መልሼ ነፋሁ። ልጅየው አሁንም አላመነኝም። እኔም ብሆን አላምነኝም ነበር።

እናትየው ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከማለዳ ጀምሮ እንዲሁ ናቸው አሉ። የመኪናዋን ድምፅ ሰምተው ተነሡ፤ ግን ወደ ፊት አልተራመዱም።

«እንደምን ዋሉ እናቴ» አልኳቸው።

«ጎማው ደህና ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እግዜርንማ ሁልጊዜ እናመሰግነዋለን። እኔ የጠየቅሁህ ስለ ጎማው ነው።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ልጃቸው ደግፎ ከጎኔ አስቀመጣቸውና እሱ ከኋላ ገባ። መንገዱን ሙሉ እጃቸው የበሩን እጀታ እንዳነቀ ነው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አየሁና ልቤ ተቻኮለ፤ ሳይመሽ ሆስፒታል ካላገባናቸው ተራቸውን ለሌላ ይሰጡታል።

ወንዙ ዳር ደርሰን አቆምኩ። ቁልፉን እንዳለ ትቼ ወርጄ የኋላውን ጎማ ያዝኩ። ፊሽሽታው እንደጀመረ ከውስጥ እሪታ ተሰማ።

«ልጄ! ያስተነፍሰዋል! ይሄም እንደዚያኛው ሊጥለን ነው!»

«እናቴ፣ ለአሸዋው ነው!» አልኩ ሳልነሣ።

«ለአሸዋው! አዎን፣ ለአሸዋው ልትሰጠን ነው! አሁን ውረዱ ትለናለህ። ብሞት አልወርድም!»

ቀለበቷን መልሼ ዘግቼ በሩ ጋ ስደርስ ቁልፉ ከቦታው የለም። እናትየው በዳበሳ ነቅለውት መቀነታቸው ውስጥ እየቋጠሩት ነበር። ዓይነ ስውር ናቸው ብዬ ቁልፍ ትቼ ስወርድ፣ ለካ ቁልፉ ሲንቀጫቀል እየሰሙ ቦታውን በጆሯቸው ይዘውታል!

እኔ ቁልፌን ለወለደችኝ እናቴ እንኳ ሰጥቼ አላውቅም። ነደደኝ።

«እናቴ፣ የመንግሥትም የድርጅትም ንብረት ነው፣ ይስጡኝ!»

«ዋስ ጥራ።»

«እዚህ በረሃ ውስጥ የምን ዋስ?»

«ዋስ ከሌለህ መያዣ እይዛለሁ። ይዣለሁም። ያለ ቁልፍ ጥለኸን የምትሄድ ከሆነ እስቲ ሂድ።»

«በጊዮርጊስ፣ እንዳልጥልዎት እምላለሁ!»

«ያኛውም በጊዮርጊስ ነው የማለው። ሾፌር ሲምል ታቦቱም ይሰለቸዋል።»

ልጅየው ከኋላ ወርዶ መሐላችን ቆመ። ወደ እኔ ያይና ወደ እሳቸው ያያል። መቀነታቸውን በጉልበት መፍታት አይሆንም፤ እናት ናቸው። ፀሐይዋ አትጠብቅም። የማስተንፈሻውን ሰዓት ላሳያቸው እንዳልል፣ ያ ደጋግሜ የለካሁት፣ ያ ያመንኩት ሰዓት ለእሳቸው ምናቸውም አይደለም። እኔ ስመርጥ የማየው ነገር ብዬ መረጥኩ፤ የማያይ ሰው ከጎኔ ይቀመጣል ብዬ መች አሰብኩ? እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና እሳቸውን መክሰስም አልቻልኩም። ያኛውን ክብሪት ሰኪ ግን ያን ሰዓት ባገኘው ኖሮ አፈር አስግጠው ነበር።

ድንገት ስለ ቀለበቷ አሰብኩ።

«እሺ» አልኳቸው። «ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ይሁን። ይውረዱና ራስዎ ያስተንፍሱት።»

መቀነታቸውን ጨበጥ አደረጉ። «ቁልፉን እንደያዝኩ?» አሉ።

«እንደያዙ።»

ወረዱ። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዞ ጎማው ሥር አስቀመጣቸው። ማስተንፈሻውን አስሬ ጣታቸውን ቀለበቷ ላይ አሳረፍኩ። «ሲስቧት ይወጣል፣ ሲመልሷት ይቆማል» አልኳቸው። ሳቧት። ፊሽሽ! ደንግጠው መለሷት። ቀጥ አለ። ጆሯቸውን ወደ ጎማው አስጠጉና አዳመጡ። ደግመው ሳቧት፣ ደግመው መለሷት።

«ይቆማል እንዴ?» አሉ።

«ይቆማል።»

«ያኛውኮ አልቆመም። እስኪያልቅ ድረስ ነው የጮኸው።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ያን ቀን መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ጎማው ሙልጭ እስኪል ሲያዳምጡት ታየኝና እኔም አንገቴን ደፋሁ።

ሰዓቱን እኔ እያነበብኩ፣ ቀለበቷን እሳቸው እየሳቡ ያን ጎማ ጨረስን። ለሁለተኛው «በቃ በል፣ አንተው ጨርሰው፤ እየሰማሁህ ነው» አሉኝ። አራቱም ሲያልቅ ቁልፉን ጠየቅሁ። «መጀመሪያ እኔ ልሳፈር» አሉ። ተሳፈሩ። «ልጄም ይሳፈር።» ተሳፈረ። «አንተም ግባና በሩን ዝጋ።» ገብቼ ዘጋሁ። ያን ጊዜ ቋጠሮውን ፈተው ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። መዳፋቸው በላብ ርሶ ነበር።

አሸዋው መሐል ላይ መኪናዋ አቃሰተች። ፍሬን አልነካሁ፣ ነዳጅም አላበዛሁ፤ ለስላሳው ጎማ ቀስ እያለ ተሳበ። እናትየው «አፋፍ ወጣን?» ሲሉኝ ወጥተን ነበር። እልል አሉ። ዳር ላይ ጎማዎቹን ነፍቼ ጋለብኩ፤ ወልድያ ሆስፒታል ተረኛዋ ነርስ መዝገቧን ልትዘጋ ስትል ነው የደረስነው። እኔ ግን «ገብተዋል» የሚል ቃል አልበቃኝም፤ አልጋ ላይ ሲወጡ በዓይኔ አይቼ ነው የሄድኩት።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ዓይናቸው ተሠራ። ሐኪሞቹ ከሰዓት ሄዱ። ዓይናቸው የታሰረበትን ጨርቅ የምታነሣው ነርሷ ናት፣ ዓርብ ጠዋት። አንተ ምን ቤት ነህ ብትሉኝ፣ ሲያዩ ካላየሁ አላምንምና ሄድኩ።

ልጅየው ከአልጋው ፊት ቆሟል። ነርሷ ጨርቁን ስታነሣ እናትየው ዓይናቸውን ብዙ ጊዜ አርገበገቡት። የነርሷን ነጭ ጋወን አዩ። መስኮቱን አዩ። እንባ ጀመራቸው፤ ነርሷ አያልቅሱ፣ ክልክል ነው አለች። ከዚያ ፊታቸው የቆመውን ሰውዬ አዩት። ልጅየው አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ዘወር ይበሉልኝ አባቴ» አሉት በትሕትና። «ልጄን ልየው።»

ነርሷ ናት «እሱ ነው እኮ ልጅዎ» ያለቻቸው።

እናትየው ግንባራቸው ተቋጠረ። ነርሷን በጥርጣሬ አዩዋት፣ እኔንም አዩኝ። «አትቀልዱብኝ። ልጄ ገና ሚስት አላገባም ነበር፣ ዓይኔ ሲፈዝ። ይሄ ሽማግሌ ነው።» እንደገና ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ አዩት። አላመኑም። ዓይናቸውን ጥብቅ አድርገው ጨፈኑት። «እሺ፣ እስቲ ይናገር።»

«እማ» አለ ልጅየው።

እጃቸውን ዘረጉ። ጎንበስ አለላቸው። እንደጨፈኑ ፂሙን፣ የገባውን ጉንጩን፣ የግንባሩን መስመር ዳሰሱት።

«መቼ አረጀህብኝ?» አሉት።